ከወርቁ በፊት ሰሙ
የንብ፣ የወቅቶችና የእጅ ጥበብ ታሪክ በኢትዮጵያ

«ሰምና ወርቅ» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ የአማርኛ አንባቢ የለም ማለት ይቻላል። በቅኔ ቤት ሰም የቃሉ የላይ መልክ ነው፤ ወርቅ ደግሞ በውስጡ የተሰወረው ምሥጢር። ተማሪው በሰሙ ሳይታለል ወርቁን እንዲፈልግ ይመከራል፤ ያገኘም ይመሰገናል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል ያሳተሙትን መጽሐፍ በዚሁ ስም መሰየማቸው አነጋገሩን ከአገር ውጭም አሳውቆታል።

ምሳሌው የተወሰደው ግን ከአንጥረኛ ቤት ነው። በዚያ ቤት ደግሞ የነገሩ ቅደም ተከተል ይለያል። ወርቁ ከመፍሰሱ በፊት ሰሙ መቀረጽ አለበት፤ ወርቁ የሚይዘው መልክ ሁሉ አስቀድሞ የሰሙ መልክ ነበር። ሰሙ የሚቀልጠውም ዋጋ ስለሌለው አይደለም፤ ሥራውን ስለፈጸመ ነው። ቅኔው ወርቁን አስታውሶ ሰሙን እንደ ሽፋን ሲቆጥር፣ የታሪክ መዛግብትም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ አድርገዋል፤ የመስቀሉን ባለቤት፣ የደብሩን መሥራች፣ የንጉሡን ስጦታ ጽፈው ሰሙን፣ ሰሙን የሠራችውን ንብና ሰሙን የቀረጸውን እጅ ሳይጠቅሱ አልፈዋል። የኢትዮጵያ የእጅ ጥበብ ታሪክ ከሰሙ በኩል ቢነበብ ምን ይመስላል?

በአንጥረኛው ቤት

ጥንታዊው የመስቀል አሠራር እንዲህ ነው። አንጥረኛው ሰሙን በእሳት አጠገብ አለስልሶ በእጁና በትንሽ ቢላዋ ቅርጹን ያወጣል። ሐረጉ፣ ቀዳዳው፣ በክንፎቹ ጫፍ ያለው ጌጥ ሁሉ በሰም ይሠራል። ከዚያም ሰሙ በላመ ሸክላ አፈር ይለበጣል። የመጀመሪያው ልባጥ ቀጭንና ድቅቅ ያለ መሆን አለበት፤ የሰሙን ጥቃቅን መስመር የሚቀዳው እርሱ ነውና። በላዩ ላይ እበት ወይም ገለባ የተቀላቀለበት ወፍራም ጭቃ ይደረባል። ገለባው ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አያይዞ ይይዘዋል፤ በእሳት ሲቃጠል ደግሞ አየር የሚወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይተዋል።

ጭቃው በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ወደ እሳት ይገባል። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ይቀልጣልና በተተወለት ቀዳዳ ፈስሶ ይወጣል፤ በቦታው ባዶ ሥፍራ ይቀራል። በዚያ ባዶ ሥፍራ በ900 ዲግሪ ገደማ የቀለጠ ናስ ይፈስበታል። ሰም እጅግ ቀላል ስለሆነ የለቀቀውን ቦታ ለመሙላት በክብደት 9 እጥፍ ያህል ናስ ያስፈልጋል። ብረቱ ሲበርድ ሸክላው ይሰበራል፤ መስቀሉም በሞረድ ተስተካክሎ ይወለወላል። ሸክላው ስለተሰበረና ሰሙ ስለፈሰሰ ያንኑ መስቀል ደግሞ መሥራት አይቻልም፤ ሌላ ሰም፣ ሌላ ሸክላ፣ ሌላ ቀን ይጠይቃል። በዚህ ዘዴ የተሠሩ ሁለት መስቀሎች እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ ዓይነት አይሆኑም።

ከዛጉዌ ዘመን እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ለዑደት የሚወጡ በርካታ መስቀሎች የተሠሩት በዚህ ጥበብ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የመስቀል ክብር በመላ ግዛታቸው እንዲስፋፋ አጥብቀው በሠሩበት ዘመን የመስቀል ሥራም አብሮ ደርቷል። በኋለኞቹ መቶ ዓመታት ከተጠፈጠፈ ናስና ብር ተቆርጠው የሚሠሩ መስቀሎች በዙ። በተለይ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የማርትሬዛ ብር በገበያ ሲበዛ አንጥረኛው ገንዘቡን አቅልጦ ለአንገት መስቀልና ለጌጥ ይጠቀምበት ጀመር። የሰሙ ዘዴ ግን አልጠፋም፤ በአክሱምና በአዲስ አበባ ዛሬም የሚሠሩበት አሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሩቅ የሚመጣውና ከደጅ የሚገኘው ጎን ለጎን ይታያሉ። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈውና የኤርትራን ባሕር ንግድ የሚዘረዝረው የግሪክኛ የመርከበኞች መምሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ለጌጥና በገንዘብ ፈንታ እየተቆረጠ የሚያገለግል ናስ እንደነበረ ይገልጻል። ብረቱ እንዲህ ባሕር ተሻግሮ ይመጣ ነበር። ሸክላው፣ እበቱና ገለባው ግን የአገር ናቸው፤ ሰሙም እንዲሁ። ከዚህ አልፎ ሰም ወደ ውጭ የሚላክ ሀብት ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምጽዋ ወደብ ከዝሆን ጥርስ፣ ከዝባድና ከቡና ጋር ሰምም ይወጣ ነበር።

ሰሙ ከየት ይመጣል?

ሰም የሚሠራው ወጣት ሠራተኛ ንቦች ከሆዳቸው ሥር ካሉት ዕጢዎች በሚያወጡት ቅጠል መሰል ስስ ነገር ነው። ንቦቹ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚደርስ ማር መብላት አለባቸው ተብሎ ይገመታል። ማሩ የአበባ ወለላ ነው፤ አበባው ደግሞ የወቅት ልጅ። ስለዚህ በአንጥረኛው ጣቶች መካከል የሚለሰልሰው ሰም በአንድ አገር፣ በአንድ ወራት ያበበ ሜዳ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በደጋውና በወይና ደጋው የንብ ዘመን ከአዲሱ ዓመት ጋር ይገጥማል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ንቦችን ቀፎ ውስጥ ዘግቶ ያቆያቸዋል፤ ያላቸውን እየበሉ ይከርማሉ። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል። ልጃገረዶች አደዩን ነቅለው «እንቁጣጣሽ» እያሉ በየቤቱ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆችም በቀለም የሣሉትን አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ለጎረቤት ሲያድሉ፣ ንቦችም በዚያው አበባ ላይ ተሠማርተዋል። ከአደዩ በኋላ መቹ፣ ከመቹም ጋር የኑጉ ማሳ ይቀጥላል። ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከበልጉ ዝናብ በኋላ ሌላ የአበባ ወቅት ይመጣል፤ በከፋና በሸካ ደኖች ገተም የተባለው ትልቅ ዛፍ ሲያብብ ነጩ ማር ይገኛል። ግራዋው፣ ብሳናውና ሌላውም ዛፍ ሁሉ የየራሱ ጊዜ አለው። ንብ አርቢው ወራቱን የሚቆጥረው በዚህ የአበባ ተራ ነው።

ቀፎው ራሱ የእጅ ሥራ ነው። በአንዳንድ አገር ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ተጎንጉኖ በእበትና በጭቃ ይለሰናል፤ በሌላው ከሸክላ ይሠራል፤ በደን አገር ደግሞ ግንድ ተፈልፍሎ ይዘጋጃል። ኦሮሞው ጋጉራ ይለዋል። ከዛፍ ላይ ከመሰቀሉ በፊት መዓዛ ባላቸው ዕፀዋት ይታጠናል፤ ሽታው ንቦችን እንዲስብ ነው። ከአሸንዳ ሥር የሚቀመጥ አለ፤ ከጓሮ የሚደረደር አለ፤ በደቡብ ምዕራብ ግን ሰው በገመድ ተንጠላጥሎ ከረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ያኖረዋል። በኬንያ የማው ደን የሚኖሩት ኦጊየኮችም ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎ ዛፍ ላይ በመስቀል የታወቁ ናቸው። በጥንታዊት ግብፅ ደግሞ ንጉሥ ኒዩሴሬ ከዛሬ 4,400 ዓመታት ገደማ በፊት ባሠራው የፀሐይ መቅደስ ቅርጾች ላይ ማር ከተጋደሙ ድብልብል ቀፎዎች ሲወጣ ይታያል። ከዓባይ ምንጭ እስከ ዓባይ መድረሻ የቀፎው ቅርጽ ዝምድና አለው።

ከእ.ኤ.አ. 1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገበሬዎች ቀፎዎቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ከግድግዳ አስጠግተው እንደሚያኖሩ፣ ንቦቹም በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ እንደሚመላለሱ ጽፏል። ሰሙ ብዙ ስለሆነም መብራታቸው የሰም እንጂ የሞራ እንዳልሆነ ያስተዋለው እርሱ ነው። ንብ በዚያ ዘመን የቤት ነዋሪ ነበረች።

ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ ንብ በነገሥታት ታሪክ ውስጥም ትገኛለች። ገድለ ላሊበላ እንደሚተርከው ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ ከበበው፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁ ብላ ስም አወጣችለት። «ላል» በአገው ቋንቋ ማር ነው፣ ስሙም «ላል ይበላል» ከሚለው የመጣ ነው የሚል ትርጓሜም በሕዝቡ ዘንድ አለ። ትርጓሜዎቹ ቢለያዩም የዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከተማ እስከ ዛሬ የምትጠራው በንብ በተነገረለት ስም ነው።

ከጠጅ ቤት እስከ ቤተ መቅደስ

ሰሙ ከቀፎው በቀጥታ ወደ አንጥረኛው አይሄድም። በመካከሉ ጠጅ ቤት አለ። በባህላዊ ቀፎ የሚቆረጠው ማር ከነእንጀራው ነው፤ ሰሙም ማሩም አብረው ይሸጣሉ፤ የዚህም ማር ዋነኛ ገዢ ከጥንት ጀምሮ ጠጅ ጣይ ነበር። ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ጌሾ ከመግባቱ በፊትና በኋላ፣ ውሃው የማይሟሟውን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋዋል። በጋኑ አናት የሚንሳፈፈው ይህ ነገር ሰፈፍ ይባላል። ሰፈፉ ተሰብስቦ፣ ፈልቶ፣ በጨርቅ ተጨምቆ ሲጠል የጠራ ሰም ይሆናል። ጠጅ በማይጠጣው ሙስሊም ቤትም ብርዝ ሲበጠበጥ ሰሙ እንዲሁ ይለያል።

ገበሬው ለባለ ርስቱና ለቤተ መንግሥቱ ማር በግብር መልክ ያቀርብ ስለነበር ከፍተኛው የሰም ምንጭ የግብር አዳራሽ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ጠጁን፣ ብርሌውንና ግብሩን ነው። ከጋኑ አናት የተገፈፈው ሰፈፍ ግን ሌላ ጉዞ ይቀጥል ነበር። በአዳራሽ የጨፈረው ሠራዊትና በቅዳሴ የቆመው ካህን አንዱ የጠጣውን ሌላው ያበራው ከአንድ ቀፎ የወጣ ነው።

ጧፍ የሁለት እጆች ሥራ ነው። ሴቶች የፈተሉት የጥጥ ክር ተወጥሮ በቀለጠ ሰም ውስጥ ይሳባል፤ ሰሙ ሳይበርድ በእጅ እየታሸ ይለሰልሳል፤ ደጋግሞም ይለበጣል። ቀጭኑና ተጣጣፊው ጧፍ በቅዳሴ፣ በማኅሌትና በሌሊት ጥናት ያገለግላል። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት በገጾቹ ላይ ከጣት ጥቁረት ጋር የሰም ጠብታ ያገኛሉ። ጠብታው የበዛበት ገጽ ብዙ የተነበበ ገጽ ነው። ጸሐፊው በመጨረሻው ገጽ ስሙንና ያስጻፈውን ሰው ስም ሊያሰፍር ይችላል፤ ለሌሊቱ አንባቢ የሚመሰክረው ግን የሰሙ ጠብታ ብቻ ነው።

የዓመቱ ዑደት በዚህ ሥራ ላይ በግልጽ ይነበባል። በመስከረም ያበበው በጥቅምትና በኅዳር ማር ሆኖ ይቆረጣል። ማሩ ለገናና ለጥምቀት ጠጅ ይጣላል። ከጠጁ የተገኘው ሰፈፍ ሰም ሆኖ ለዐቢይ ጾም ሌሊቶችና ለትንሣኤ ጧፍ ይደርሳል። በጋው ደረቅ ስለሆነ የአንጥረኛው ሸክላም በዚያው ወራት በደንብ ይደርቃል። የአደዩ ብርሃን በትንሣኤ ሌሊት በምእመናኑ እጅ ይበራል ማለት ነው።

ስማቸው ያልተጻፈ

ሰሙን የያዙት እጆች እንደ ሰሙ ተረስተዋል፤ ከመረሳትም አልፎ ተንቀዋል። አንጥረኛው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በብዙ የአገሪቱ ክፍል «ጠይብ» እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል፤ «ቡዳ» የሚል ስምም ተለጥፎባቸዋል። የሠሩት መስቀል የሚሳለም፣ የሠሩት ማረሻ የሚያርስ፣ የሠሩት ጋን ጠጅ የሚይዝ ሆኖ ሳለ እነርሱ ከደጅ ይቆሙ ነበር። በጎንደር አካባቢ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከመሬት ርስት ተገልለው በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ግን በሸክላ ሥራዋ ስሟ ቀርቷል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና አንጥረኛው ለአገር የሚጠቅሙ ሆነው ሳለ መነቀፋቸው አገሪቱን ከጥበብ እንዳራቃት አዋጁ ያስገነዝባል። ነገር ግን አዋጅ ልማድን በአንድ ቀን አይለውጥም። በመስቀሎች ላይ የሰጪው ስም ተቀርጾ መገኘቱ የተለመደ ሲሆን የሠሪው ስም ግን እጅግ ብርቅ ነው። ወርቁ የሰጪው ሆነ፤ ሠሪው ከሰሙ ጋር ፈሰሰ።

ሰሙ ሲጎድል

ዛሬ ይህ ታሪክ ከሌላ አቅጣጫ ፈተና ገጥሞታል። ኢትዮጵያ አሁንም በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በሰምም በዓለም ደረጃ ከሚጠቀሱት አገሮች ተርታ ትቆማለች። ሆኖም ሰሙ የሚመጣበት መንገድ እየተለወጠ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሆለታ የንብ ምርምር ከተጀመረ ወዲህ ባለ ፍሬም ዘመናዊ ቀፎ ሲስፋፋ ቆይቷል። ዘመናዊው ቀፎ ብዙና የጠራ ማር ይሰጣል፤ ማሩ በማጣሪያ መሣሪያ ተሽከርክሮ ሲወጣ እንጀራው ሳይፈርስ ለንቦቹ ይመለሳልና። በዚህም ምክንያት ሰሙ ጥቂት ነው። ባህላዊው ቀፎ ከማሩ ክብደት ከመቶ 8 እስከ 10 የሚደርስ ሰም ሲሰጥ ዘመናዊው ከመቶ 2 አያልፍም። ለገበሬው ኑሮ ዘመናዊው ቀፎ ይጠቅማል፤ ለሰሙ ግን ባህላዊው ቀፎ አሁንም ምትክ የለውም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በገበያ ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ፓራፊን ረክሶ ገብቷል። ሻማው ያለ ንብ ይበራል፤ ሰምም ከፓራፊን ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። የተደባለቀው ሰም ለንብ አርቢው የከፋ ጉዳት አለው፤ በዘመናዊ ቀፎ ውስጥ መነሻ ሆኖ የሚገባው የታተመ የሰም ገበታ ንጹሕ ካልሆነ በሙቀት ይላላል፣ እንጀራውም ይወድቃል።

ከሁሉ በላይ አሳሳቢው የአበባው ጉዳይ ነው። የአረም ማጥፊያ መድኃኒት የሚረጭበት ማሳ ለእህሉ ይጠራል፤ መቹና ሌላው የዳር አበባ ግን አብሮ ይጠፋል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንበጣ መንጋ በአፍሪካ ቀንድ በተስፋፋ ጊዜ በሰፊው የተረጨው ኬሚካል ለንቦችም አደጋ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነትም በነጭ ማሯ በታወቀችው ትግራይ እጅግ ብዙ ቀፎዎች ወድመዋል፤ አክሱምንና ላሊበላንም ያው ጦርነት ነካቸው። የጥንቱ መስቀልና የዛሬው ቀፎ በአንድ አገር፣ በአንድ እሳት ውስጥ ገቡ።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም ማለት አይደለም። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። በእነዚህ ደኖች ቀፎው ከዛፉ ላይ እስካለ ድረስ ሰው ዛፉን የሚጠብቅበት ምክንያት አለው። ገተም ካልተቆረጠ ነጭ ማር ይኖራል፤ ማሩ ካለ ሰፈፉ አለ፤ ሰፈፉ ካለ ጧፉም መስቀሉም አለ።

አዲስ አበባ ውስጥ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ሰፊ የመስቀሎች ስብስብ ይገኛል። ስለ አንድ ጥንታዊ መስቀል በየትኛውም ቤተ መዘክር የሚጻፈው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ ናስ፣ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር፣ እንዲህ ያለ ክፍለ ዘመን። መግለጫው ሐሰት የለበትም፤ ግን የሚናገረው ስለ ወርቁ ብቻ ነው። በዚያ መስቀል ክንፍ ላይ የአንጥረኛው አውራ ጣት ሰሙን የተጫነበት ሥፍራ በናስ ተቀድቶ ቀርቶ ይሆናል። ጎብኚው ቀረብ ብሎ ቢያይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው የሠራውን፣ የአንድ መስከረም አበባ የፈቀደውን መልክ ያያል።